ኮንዶሚኒየም ገዝቶ ማከራየት፦ ለጀማሪ የሚሆነውና የማይሆነው ቤት

አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ገዝቶ ለማከራየት ያሰበ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ኮንዶሚኒየም ላይ ነው። ዋጋው ከሪል ስቴት አፓርታማ ይረክሳል፣ ቤቱ ተሠርቶ ያለቀ ስለሆነ እንደ ፕላን ሽያጭ ዓመታት አያስጠብቅም፣ ተከራይም አያጣም። እዚህ የምንገመግመው ከዕድለኛው፣ ማለትም ቤቱ በዕጣ ከደረሰው ሰው፣ ወይም ከዕድለኛው ከገዛ ሰው እጅ የሚገኘውን የ20/80 (20 በመቶው በቁጠባ፣ 80 በመቶው በባንክ ብድር የሚከፈል) ቤት ነው። 40/60ን (40 በመቶው በቁጠባ፣ 60 በመቶው በብድር የሚከፈለውን) መጨረሻ ላይ በጥቂቱ እናነሳዋለን።

ፍርዳችንን ከፊት እናስቀምጠው። ካርታው በሻጩ ስም የወጣ፣ የባንክ ዕዳው የተዘጋ፣ የአምስት ዓመት የሽያጭ ገደቡ ያለፈ፣ አንደኛ ወይም ሁለተኛ ፎቅ ላይ የሚገኝ ባለ አንድ ወይም ባለ ሁለት መኝታ ቤት ለጀማሪ አከራይ ጥሩ ግዢ ነው። ከመጀመሪያዎቹ ሦስቱ አንዱ የጎደለውን ቤት ግን ዋጋው ምንም ያህል ቢያማልል አንመክርም። ፎቁና የመኝታው ብዛት በዋጋ ድርድር ሊካካሱ ይችላሉ፤ የሰነድ ጉድለት ግን በቅናሽ አይካካስም።

ኪራዩ ምን ያህል ይመልሳል?

አብዛኛው ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ነው። ለስሌት እንዲመች አንድ ባለ አንድ መኝታ በ4,000,000 ብር ተገዝቶ በወር በ15,000 ብር ተከራየ እንበል። ሁለቱም ቁጥሮች ለምሳሌ የተወሰዱ ስለሆኑ የሚገዙበትን ሰፈር ዋጋ ይተኩባቸው። የዓመቱ ኪራይ 180,000 ብር ነው፤ ከግዢው ዋጋ 4.5 በመቶ ማለት ነው። አሁን ይቀንሱ፦ አንዱ ተከራይ ወጥቶ ሌላው እስኪገባ ቤቱ ባዶ ለሚቆይበት አንድ ወር 15,000፣ ለቀለም፣ ለቧንቧ፣ ለቁልፍና ለመሳሰለው ጥገና 18,000፣ ለጥበቃና ለጽዳት በወር 300 ብር ሒሳብ 3,600። የሚቀረው 143,400 ብር ሲሆን ከዋጋው 3.6 በመቶ ገደማ ነው። ግብሩ ገና አልተነሳም።

ብሔራዊ ባንክ ከ2010 ጀምሮ ለቁጠባ ያስቀመጠው ዝቅተኛ የወለድ መጠን 7 በመቶ እንደሆነ ያስታውሱ። በወር ገቢ ብቻ ከታየ ቤቱ ከቁጠባ ደብተር ያነሰ ይሰጣል። ታዲያ ሰው ለምን ይገዛል? ብሩ ስለሚረክስና ቤቱ ዋጋውን ስለሚይዝ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ በባንክ ብር ይዞ የተቀመጠና ቤት ይዞ የተቀመጠ ሰው ልዩነቱ ምን እንደነበር ብዙ ቤተሰብ ያውቀዋል። ስለዚህ ኮንዶሚኒየም በዋነኛነት የገንዘብ ማስቀመጫ ነው፤ ኪራዩ የቤቱን ወጪ ሸፍኖ ጥቂት የሚያስተርፍ ተጨማሪ ነው። ይህን አምኖ የገዛ ሰው ይስማማዋል። በኪራዩ ወርኃዊ አስቤዛ እሸፍናለሁ ብሎ የገዛ ግን በሁለተኛው ዓመት ለመሸጥ ይቸኩላል።

በብድር መግዛት የባሰ ነው። ወለዱ 18 በመቶ ከሆነና 2,000,000 ብር ከተበደሩ በመጀመሪያው ዓመት ለወለድ ብቻ ወደ 360,000 ብር ይወጣል። የምሳሌው ቤት የዓመት ኪራይ የዚህ ግማሽ ነው። ልዩነቱን ከደመወዝ ወይም ከንግድ ገቢ ለመሸፈን አቅም ከሌለ በብድር የተገዛ ኮንዶሚኒየም ባለቤቱን ያስጨንቃል።

ከቤቱ ዋጋ ውጭ ያለውንም አስቀድመው ይያዙ። የቴምብር ቀረጥ ከዋጋው 2 በመቶ ነው፤ በምሳሌው 80,000 ብር። የስም ዝውውር አገልግሎት ክፍያና የደላላ ኮሚሽን ይጨመርበታል። ከሽያጩ ጥቅም ላይ የሚከፈለው 15 በመቶ የካፒታል ዋጋ ዕድገት ግብር በሕጉ የሻጩ ነው፤ ገበያው ላይ ግን ብዙ ሻጮች «የመንግሥትን ሁሉ ገዢ ይችላል» ብለው ይደራደራሉ። ይህ በቃል ታልፎ ውልና ማስረጃ ደጃፍ ላይ ሲነሳ ስምምነቱ ይፈርሳል። የቀብድ ውሉ ላይ የትኛውን ክፍያ ማን እንደሚከፍል በስም በስሙ ይጻፍ።

ሰነዱ

የኮንዶሚኒየም ግዢ ሦስት አራተኛው ሥራ ወረቀት ማጣራት ነው። መጀመሪያ ካርታ። ሻጩ «ካርታው ሊወጣ ነው፣ ሂደት ላይ ነው» ካለ ለጊዜው ቤቱን ይተዉት። በእጁ ያለው ከቤቶች ልማት የተፈረመ ውልና የዕጣ ማስረጃ ብቻ ከሆነ የሚሸጥልዎ ቤት ሳይሆን ተስፋ ነው። ካርታው ካለ ደግሞ የብሎክ ቁጥር፣ የቤት ቁጥር፣ ፎቅና ስፋት ከበሩ ላይ ካለው ቁጥር ጋር ይመሳከር። አንድ ዓይነት ብሎኮች ጎን ለጎን በተደረደሩበት ሳይት የሚያሳዩዎት ቤትና የሚሸጥልዎ ቤት የተለያዩ የሚሆኑበት አጋጣሚ አለ። ሜትር ይዘው ክፍሎቹን ይለኩ።

ቀጥሎ የባንክ ዕዳ። የ20/80 ቤት በ20 ዓመት ብድር የሚተላለፍ ስለሆነ ብዙ ቤቶች ዕዳቸው አላለቀም። ሻጩ የመጨረሻውን ደረሰኝ ቢያሳይዎ አይበቃም፤ ብድሩ ተከፍሎ ማለቁን የሚገልጽ ከባንኩ የተጻፈ ደብዳቤ ያስፈልጋል። ዕዳ ካለበትና ሻጩ ከእርስዎ ገንዘብ ሊዘጋው ከፈለገ ገንዘቡን ለእጁ አይስጡ። አብረው ባንክ ሄደው በቀጥታ ወደ ብድር ሒሳቡ ይከፈል፣ የተከፈለውም ከጠቅላላ ዋጋው እንደሚቀነስ በቀብድ ውሉ ይስፈር።

ሦስተኛ እግድ። ቤቱ በፍርድ ቤት ክርክር፣ በውርስ ጠብ ወይም በሌላ ዋስትና ታግዶ እንደሆነ ከክፍለ ከተማው የይዞታ ጽሕፈት ቤት ይጣራል። ማጣሪያው ከቀብድ በፊት ሲሆን ጥሩ ነው፤ ካልተቻለም ውሉ ላይ «እግድ ከተገኘ ቀብዱ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል» የሚል ይግባበት። ማጣራቱና ፊርማው መካከል ሳምንታት ካለፉ ደግሞ ማጣራቱ ይደገም። እግድ በአንድ ቀን ይገባል።

አራተኛ ትዳር። በቤተሰብ ሕጉ የጋራ የሆነን የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ የሁለቱም ተጋቢዎች ስምምነት ያስፈልጋል፤ ካርታው በአንዱ ስም ብቻ መሆኑ ይህን አይለውጠውም። ሻጩ ያገባ ከሆነ ባልየው ወይም ሚስትየዋ በአካል ወይም በውክልና ይፈርሙ። ያላገባ ከሆነ ያላገባ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ያምጣ። የተፋታ ከሆነ የፍቺው ውሳኔና የንብረት ክፍፍሉ፣ የሞተበት ከሆነ የወራሽነት ማረጋገጫው ይታይ። ወራሾች አምስት ሆነው አንዱ ውጭ አገር ካለና ውክልናው ካልተላከ የአራቱ ፊርማ ቤቱን አያሻግርም።

የአምስት ዓመት ገደብና ውክልና

በዕጣ የደረሰ ኮንዶሚኒየም ለዕድለኛው ከተላለፈበት ቀን ጀምሮ አምስት ዓመት ሳይሞላ በሽያጭ ማስተላለፍ ክልክል ነው። ገበያው ይህን የሚያልፈው በውክልና ነው፦ ገዢ ገንዘቡን ይከፍላል፣ ሻጭ «እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ፣ እንዲያከራይ» የሚል ውክልና ይሰጠዋል፣ ሁለቱም አምስት ዓመቱ እስኪሞላ ይጠብቃሉ። ቅናሹ ስለሚያጓጓ ጀማሪዎች ብዙውን ጊዜ የሚገቡት በዚህ በር ነው።

ችግሩ ከውክልና ባሕርይ የሚመነጭ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ወካይ ውክልናውን በፈለገ ጊዜ መሻር ይችላል። ወካዩ ከሞተም ውክልናው ያበቃል። አምስት ዓመት ረጅም ጊዜ ነው፤ በመሃል ሻጩ ሊሞት፣ ሊያገባ፣ ሊፋታ፣ ወይም የቤቱ ዋጋ ሦስት እጥፍ ሲሆን ሐሳቡን ሊለውጥ ይችላል። ወራሾቹ ቤቱ የአባታችን ነው ቢሉ ካርታው ይመሰክርላቸዋል። ገዢው ገንዘብ መክፈሉን ቢያስረዳ እንኳ ገደቡን ጥሶ የተደረገ ሽያጭ ስለሆነ ቤቱን አስፈርዶ መውሰድ ይከብደዋል፤ ቢሳካለት የሚመለስለት ከዓመታት በፊት የከፈለው ብር ነው። በዚያ ብር ያን ጊዜ የማድ ቤት ዕቃ ይገዛበት ይሆናል እንጂ ቤት አይገዛበትም።

ገደቡ ያለፈ ቤትም ቢሆን በውክልና ላይ ውክልና እየተላለፈ ሦስትና አራት እጅ የዞረ ሲሆን ይታያል። እንዲህ ያለውን ቤት ለመግዛት የመጀመሪያው ባለካርታ በሕይወት ኖሮ ራሱ መጥቶ እንዲፈርም መጠየቅ ያስፈልጋል። ወኪሉ «እኔ ሙሉ ሥልጣን አለኝ» ቢልም ውክልናው አለመሻሩን ከሰጠው መሥሪያ ቤት ያረጋግጡ፤ «ለመሸጥ» የሚል ቃል በግልጽ ከሌለበትም አይሠራም። የማስተዳደር ውክልና መሸጥን አይጨምርም።

ቀብድና አከፋፈል

ቀብድ ከተሰጠ በኋላ ገዢው ቢያፈርስ ቀብዱ ይቀርበታል፣ ሻጩ ቢያፈርስ እጥፍ ይመልሳል። ፍትሐ ብሔር ሕጉ ይህን ከቁጥር 1883 ጀምሮ ያስቀምጠዋል። ይህ እንዲሠራ ግን ወረቀቱ ላይ «ቀብድ» የሚለው ቃል መጻፍ አለበት፤ «ቅድሚያ ክፍያ» ተብሎ ከተጻፈ ክርክር ይከፍታል። የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ ደግሞ በጽሑፍ ሆኖ በውልና ማስረጃ ወይም በፍርድ ቤት ፊት ካልተደረገ አይጸናም። ስለዚህ ቤት ውስጥ በሦስት ምስክር የተፈረመን ወረቀት ይዞ አብዛኛውን ገንዘብ መክፈል አደጋ ነው።

ጥሩው አካሄድ እንዲህ ነው፦ ቀብዱ አነስተኛ ይሁን፤ ዋናው ክፍያ በሲፒኦ (ባንክ በሚያዘጋጀው የክፍያ ማዘዣ) ተዘጋጅቶ ውልና ማስረጃ በሚፈረምበት ሰዓት ይሰጥ፤ የተወሰነ ድርሻ፣ ቢቻል 10 በመቶው፣ ስሙ ወደ ገዢው እስኪዛወርና ቁልፉ እስኪሰጥ ይያዝ። ሻጮች የመጨረሻውን ነጥብ አይወዱትም። ነገር ግን ከፊርማ በኋላ የጎደለ ወረቀት ሲጠየቅ ሻጩ ስልክ የሚያነሳው ያልተቀበለው ገንዘብ ሲኖር ነው።

ውሉ ላይ ዋጋ አሳንሶ ማስጻፍ የተለመደ ምክር ነው፤ አይቀበሉት። በ4,000,000 ብር የተገዛ ቤት በ1,000,000 ብር ተጽፎ ሽያጩ ነገ በክርክር ቢፈርስ በሰነድ የሚታወቅልዎ አንድ ሚሊዮኑ ነው። ነገ ሲሸጡም ትርፍዎ በወረቀት ላይ ተጋኖ ስለሚታይ ግብሩ በእርስዎ ላይ ይመጣል።

ከደላላ ጋር ኮሚሽኑ ስንት እንደሆነ፣ ማን እንደሚከፍልና መቼ እንደሚከፈል ቤቱን ከማየት በፊት ይስማሙ። ሻጩን ያለ ደላላ አግኝተው የሚፈልገውን ዋጋ በቀጥታ መጠየቅ ይገባል፤ በሻጩ ዋጋ ላይ ተጨምሮበት የሚመጣ ብር አለና።

ቤቱን ሲያዩ

ለማየት የሚመቸው ጊዜ ክረምት ነው፣ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲጥል። የመጨረሻው ፎቅ ላይ ያለ ቤት ኮርኒሱ ላይ ቡናማ ክብ ምልክት ካለው ጣሪያው ያፈሳል ማለት ነው። ጣሪያው የጋራ ስለሆነ ጥገናው በማኅበር ይወሰናል፤ ታች ያሉት ሰዎች ስለማይፈስባቸው ለማዋጣት አይቸኩሉም። አዲስ ቀለም የተቀባ ኮርኒስ ሲያዩ ለምን እንደተቀባ ይጠይቁ።

ውኃ ከሁሉ በላይ ኪራይ የሚወስነው ነገር ነው። አሥር ሜትር ከፍታ አንድ ባር ግፊት ይበላል። አራተኛ ፎቅ ከመሬት 12 ሜትር ገደማ ስለሆነ ቧንቧው ላይ በቂ ፍሰት እንዲኖር መሬት ላይ ቢያንስ 1.7 ባር ያስፈልጋል፤ በፈረቃ የሚመጣ ውኃ ይህን ግፊት ሁልጊዜ አይዘውም። ውጤቱ ሦስተኛና አራተኛ ፎቅ ያለ ተከራይ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በደረጃ ይሸከማል። ሻጩን «ውኃ አለ?» ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም፤ መልሱ ሁልጊዜ አለ ነው። የላይኛውን ፎቅ ጎረቤት በር አንኳኩተው በሳምንት ስንት ቀንና በስንት ሰዓት እንደሚመጣ፣ በየትኛው ወር እንደሚጠፋ ይጠይቁ። ደረጃው ላይ የተደረደሩ ጀሪካኖች ካሉ ግን መጠየቅም አያስፈልግም።

መፍትሔው ብሎኩ መሬት ላይ የጋራ ሮቶና ፓምፕ ካለው ነው። ፓምፑ ከሮቶው መሳብ አለበት እንጂ ከመስመሩ በቀጥታ መሳብ የለበትም፤ በቀጥታ ከሳበ የጎረቤትን ውኃ ይወስዳል፣ ቧንቧው ባዶ ሲሆንም ሞተሩ ይቃጠላል። ለአንድ ቤት ብቻ ሮቶ ለማስቀመጥ ከታሰበ ክብደቱን ያስቡ፦ አንድ ሺህ ሊትር ውኃ አንድ ቶን ነው። በረንዳ ላይ አይቀመጥም። ሁለትና ሦስት ባለ 100 ሊትር በርሜሎች በመታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ሥር ማድረግ ይሻላል።

መታጠቢያ ቤት ሲገቡ ይጎንበሱ። በአንዳንድ ሳይቶች የውስጥ ግድግዳው ከብሎኬት ሳይሆን ከአግሮስቶን ሰሌዳ የተሠራ ነው። ይህ ሰሌዳ ሲደርቅ ጠንካራ ነው፣ ውኃ ሲጠጣ ግን ይለሰልሳል፣ ያብጣል፣ ከፍሬሙም ይላቀቃል። ሻወሩ ካለበት ግድግዳ ጀርባ፣ በመኝታ ቤቱ በኩል፣ ከወለሉ አንድ ክንድ ያህል ከፍታ ድረስ ቀለሙ ተነፋፍቶ እንደሆነ ይመልከቱ፤ በአውራ ጣት ይጫኑት፤ በሳንቲም መታ መታ ያድርጉት። ደረቁ ክፍል ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የራሰው ድፍን ያለ። የራሰ ከሆነ ሴራሚክ መቀየር ብቻውን አይፈታውም፤ ሰሌዳው ወጥቶ በብሎኬት ተተክቶ ውኃ መከላከያ ተቀብቶ እንደገና መለበጥ አለበት። ወጪውን ከዋጋው ያስቀንሱ። በአግሮስቶን ግድግዳ ላይ የውኃ ማሞቂያም አይሰቀልም፤ ባለ 50 ሊትሩ ሲሞላ ከራሱ ክብደት ጋር ከ60 ኪሎ በላይ ነው።

ምድር ቤት ሲሆን የሚያሰጋው ፍሳሽ ነው። የብሎኩ ማንሆል ሲደፈን ከላይ የሚወርደው ሁሉ መውጫ የሚያገኘው ዝቅተኛው ሲፎን ላይ ነው፤ እሱም የምድር ቤቱ መታጠቢያ ነው። የወለሉ ሲፎን ዙሪያ ጥቁር ምልክት ወይም የማይጠፋ ሽታ ካለ ይህ ተከስቷል። ውጭ ወጥተው የማንሆሉ ክዳን ዙሪያ ርጥብ መሆኑን ይዩ። ይህ ችግር ከሌለ ምድር ቤት ለአረጋውያንና ትንንሽ ልጆች ላሏቸው ቤተሰቦች በቀላሉ ይከራያል፣ መንገድ ዳር ከሆነም የሱቅ ጥያቄ ይመጣበታል። መኖሪያን ወደ ሱቅ መለወጥ ግን በባለቤቱ ፈቃድ ብቻ የሚሆን አይደለም።

መብራቱን በእንጀራ ምጣድ ይፈትኑት። ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይስባል፤ በ220 ቮልት 16 አምፔር ማለት ነው። ከሌሎች ሶኬቶች ጋር በአንድ 16 አምፔር ብሬከርና በ2.5 ስኩዌር ሚሊሜትር ሽቦ ከተያዘ ምጣዱ ሲሠራ ብሬከሩ ይወድቃል፣ ሽቦውም ይግላል። አንዳንዱ ባለቤት ብሬከሩ እንዳይወድቅ በትልቅ ብሬከር ይቀይረውና ሽቦውን እንዳለ ይተወዋል፤ እሳት የሚነሳው እንዲህ ነው። ትክክለኛው ለምጣዱ ራሱን የቻለ 4 ስኩዌር ሚሊሜትር መስመር ከራሱ ብሬከር ጋር መሳብ ነው። የቀለጠ ወይም የጠቆረ ሶኬት ካዩ ምክንያቱ ይኸው ነው።

የፈረሰ ግድግዳ መኖሩንም ይመልከቱ። ክፍል ለማስፋት ግድግዳ አፍርሰው ወይም በረንዳ ዘግተው የሚሸጡ አሉ። በ1995ቱ የጋራ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 370 ምሶሶ፣ ጣሪያ፣ ደረጃና የውጭ ግድግዳ የጋራ ናቸው፤ ያለ ማኅበሩ ፈቃድ የተደረገ ለውጥ ካለ ጥያቄው ወደ አዲሱ ባለቤት ይዞራል። የማኅበሩን ሰብሳቢ ያነጋግሩ፤ ያልተከፈለ መዋጮ፣ የውኃና የመብራት ውዝፍ፣ ያልተከፈለ የጣሪያና ግድግዳ ግብር ካለ እዚያው ይሰማል።

የት ሰፈር?

ለኪራይ ብቻ ከሆነ የቆዩት መሃል ሳይቶች ይመረጣሉ። ልደታ፣ ጎተራ፣ ገርጂና ባልደራስ ለሥራ ቦታ ስለሚቀርቡ ቤቱ ባዶ የሚቆይበት ጊዜ ያጥራል፣ አብዛኛው ካርታም ወጥቷል። ዋጋቸው ከፍ ስለሚል የኪራዩ መቶኛ ዝቅ ይላል። ሰሚትና ጀሞ መካከለኛ ናቸው፤ ትልልቅ ስለሆኑ በአንድ ሳይት ውስጥ እንኳ ከታክሲ መያዣው በሚርቀውና በሚቀርበው ብሎክ መካከል የኪራይ ልዩነት አለ። የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳና ኮዬ ፈጬ ርካሽ ናቸው፤ ነገር ግን ጠዋት ወደ መሃል ከተማ የሚወስደውን ሰልፍ ራስዎ ተሰልፈው ካላዩ ተከራዩ የሚሸሽበት ምክንያት አይገባዎትም። ከተማው ወደዚያ ስለሚያድግ ለረጅም ጊዜ መያዝ ለሚችል ሰው መጥፎ ምርጫ አይደሉም፤ ለወር ገቢ ግን አይሆኑም።

ስቱዲዮ በዋጋው ምክንያት ጀማሪን ይስባል። ተከራዩ ላጤ ስለሚሆን ቶሎ ቶሎ ይለዋወጣል፤ በተለዋወጠ ቁጥር ቀለም፣ ቁልፍና ባዶ ሳምንታት አሉ። ባለ አንድና ባለ ሁለት መኝታ ውስጥ ልጅ ትምህርት ቤት ያስገባ ቤተሰብ ሲገባ ለዓመታት ይቆያል። ለዚህ ነው መጠኑን ከፍ ማድረግ የሚያዋጣው።

ተከራይና አዋጁ

የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከወጣ ወዲህ ማከራየት የቃል ስምምነት መሆኑ ቀርቷል። ውሉ በጽሑፍ ይሆናል፣ ከሁለት ዓመት አያንስም፣ በ30 ቀን ውስጥ ይመዘገባል፤ አዲስ አበባ ውስጥ የሚሄዱት ወረዳ ነው። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ መብለጥ አይችልም። ኪራዩ በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ይከፈላል። ጭማሪ የሚደረገው ተቆጣጣሪው አካል በዓመት አንዴ በሚያስታውቀው ልክ ነው። ተከራይ ለመልቀቅ ሲፈልግ የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ ይሰጣል።

ይህ ለገዢ ሁለት ትርጉም አለው። አንደኛ፣ የመነሻ ኪራዩን በደንብ አጥንተው ይወስኑ፤ «አሁን ቀንሼ ላስገባና ከስድስት ወር በኋላ እጨምራለሁ» የሚባለው አሠራር ተዘግቷል። ሁለተኛ፣ ተከራይ ያለበትን ቤት ሲገዙ የኪራይ ውሉን ይጠይቁ። ቤቱ በሽያጭ ሲተላለፍ ተከራዩ የስድስት ወር የማስጠንቀቂያ ጊዜ አለው። ሻጩ «ነገ አስወጣዋለሁ» ቢል በቀብድ ውሉ ላይ ቤቱ ባዶ ሆኖ የሚረከብበት ቀንና የመዘግየት ቅጣቱ ይጻፍ፤ ካልሆነ ተከራዩን ከነውሉ ተቀበሉት ማለት ነው። ጥሩ ከፋይ ከሆነ ይህ ጥቅም ነው፤ የባንክ ደረሰኞቹን አይተው ይወስኑ።

አዋጁን አከራዮች ሲያማርሩበት ይሰማል። በእኛ ግምት ግን በአግባቡ ለሚያከራይ ሰው ጠቅሞታል፤ ክፍያው በባንክ ስለሚያልፍ «ከፍያለሁ፣ አልከፈልክም» የሚለው ጭቅጭቅ ቀርቷል፣ የተመዘገበ ውልም ፍርድ ቤት ሲኬድ ቁም ነገር ነው።

በውሉ ላይ የቆጣሪዎቹ ንባብ በገባበት ቀን፣ የቁልፎቹ ብዛት፣ የበር፣ የመስኮት መስታወት፣ የመታጠቢያና የማድ ቤት ዕቃ ሁኔታ ይዘርዘር። የማኅበር መዋጮን ማን እንደሚከፍል፣ የተደፈነ ፍሳሽ ማን እንደሚያስከፍት ይጻፍ። ተከራዩ ቤቱን ወይም ክፍሉን መልሶ ለሌላ ሰው ማከራየቱን በግልጽ ይከልክሉ ወይም ይፍቀዱ።

የኪራይ ገቢ በገቢ ግብር ሕጉ ሠንጠረዥ ለ ሥር ይወድቃል፤ የግለሰብ ግብር እንደ ገቢው መጠን ከፍ እያለ እስከ 35 በመቶ ይደርሳል። የውሉ ምዝገባና የባንክ ክፍያው ገቢውን ስለሚያሳዩ ግብሩን ከሒሳቡ ውጭ አድርጎ ማቀድ አይቻልም። የጥገና ደረሰኞችን ከመጀመሪያው ቀን ይሰብስቡ።

40/60ና ከውጭ የሚገዙ

የ40/60 ቤቶች ሰፋ ያሉ ናቸው፣ ሊፍትና መኪና ማቆሚያ አላቸው፣ ተከራያቸውም የተሻለ ይከፍላል። ነገር ግን ሊፍቱ የማኅበሩ ጥንካሬ መለኪያ ነው። ሁለት ሊፍት ካለው ሕንፃ አንዱ ከቆመና ማስታወቂያው አቧራ ከጠገበ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ያለውን ቤት ማንም በሙሉ ዋጋ አይከራይም። ጄኔሬተሩ ለሊፍቱ ይሠራል ወይስ ለመተላለፊያ አምፖል ብቻ የሚለውን ይጠይቁ።

አሜሪካ፣ አውሮፓ ወይም ዓረብ አገር ሆነው በዘመድ በኩል የሚገዙ ሰዎች ውክልናውን በኤምባሲ አስፈርመው፣ አገር ውስጥ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አስረጋግጠው ውልና ማስረጃ ማቅረብ አለባቸው። ዜግነት የቀየሩ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ቢጫ ካርዳቸው ጊዜው ያላለፈበት መሆኑን አስቀድመው ይዩ። ውክልናው ውስጥ «በስሜ እንዲገዛልኝ» የሚለው ይግባ፤ መሸጥንና ማስያዝን የሚፈቅድ ቃል ግን ምክንያት ከሌለ አይጨመር። ለመግዛትና ለማከራየት ሁለት የተለያዩ ሰዎችን መወከል ይመከራል፤ ኪራዩም በቀጥታ በባለቤቱ ስም ወደተከፈተ ሒሳብ ይግባ። የሚገዛው ዘመድ ሰነዶቹን ከመክፈሉ በፊት ፎቶ አንስቶ ይላክ፤ ካርታው፣ የባንኩ ደብዳቤ፣ የእግድ ማጣሪያውና የሻጩ የጋብቻ ሁኔታ ማስረጃ አራቱም ሳይታዩ ሲፒኦ እንዳይሠራ።

ርክክቡ ቀን ላይ የበሩን ቁልፍ ሲሊንደር ያስቀይሩ፣ የውኃና የመብራት ቆጣሪውን ፎቶ ያንሱ፣ የቅድመ ክፍያ ቆጣሪ ከሆነ ካርዱን ይረከቡ፣ የመጨረሻ ወር ክፍያ ደረሰኞችን ኮፒ ያድርጉ፤ የተያዘው 10 በመቶ የሚለቀቀው እነዚህ ከተሟሉና ስሙ ከተዛወረ በኋላ ነው።